ካልሲቶኒን እና የታይሮይድ ካንሰር ቅድመ ምርመራ፤ የአንድ ሆርሞን ታሪክ

በታይሮይድ ዕጢው ላይ እባጭ የተገኘበት ሕመምተኛ ለሐኪሙ ከሚያቀርባቸው ጥያቄዎች ቀዳሚው፣ እባጩ ካንሰር መሆን አለመሆኑ በደም ምርመራ ይታወቅ እንደሆነ ነው። መልሱ በአብዛኛው "አይታወቅም" የሚል ነው። በየዕለቱ የሚታዘዙት የቲ.ኤስ.ኤች.፣ የቲ 3 እና የቲ 4 ምርመራዎች ዕጢው ሆርሞን ከመጠን በላይ ወይም በታች ማምረቱን ይናገራሉ እንጂ ካንሰርን አያመለክቱም፤ የታይሮይድ ካንሰር ባለባቸው በአብዛኞቹ ሕመምተኞች ዘንድ የእነዚህ ሆርሞኖች መጠን ጤናማ ነው። ታይሮግሎቡሊን የተባለው ፕሮቲንም ቢሆን ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ የካንሰሩን መመለስ ለመከታተል ይጠቅማል እንጂ፣ ዕጢው በቦታው ሳለ አደገኛውን እባጭ አደገኛ ካልሆነው አይለይም፤ በተራ እንቅርትም ከፍ ይላልና። በዚህም የተነሣ "ደሜ ተመርምሮ ደኅና ነው ተብያለሁ" ብሎ የአንገቱን እባጭ ችላ ያለ ሕመምተኛ ያላጋጠመው ሐኪም ጥቂት ነው።

ከዚህ አጠቃላይ ደንብ የሚወጣ አንድ የካንሰር ዓይነት አለ። ይኸውም ሜዱላሪ ታይሮይድ ካንሰር የሚባለው ሲሆን፣ ከጠቅላላው የታይሮይድ ካንሰር ውስጥ ከ100 ከ5 የማይበልጠውን ድርሻ ይይዛል። ቁጥሩ አነስተኛ ቢሆንም በሕክምና ታሪክ ውስጥ የያዘው ስፍራ ግን ከቁጥሩ እጅግ የሚበልጥ ነው። በአንገት ላይ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ገና ሳይኖር በደም ውስጥ ባለ ሆርሞን አማካይነት ከተደረሰባቸው የካንሰር ዓይነቶች መካከል ቀዳሚው ይኸው ነውና። ወደዚህ ያደረሰው መንገድ ግን ቀጥተኛ አልነበረም። ሆርሞኑ በመጀመሪያ የተገኘው ካንሰርን በማይመለከት ጥናት ሲሆን፣ ምንጩም የተሳሳተ ዕጢ ነው ተብሎ ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ በሚገኘው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ ትምህርት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ሃሮልድ ኮፕ፣ በደም ውስጥ ያለው የካልሲየም መጠን እንዴት ሚዛኑን እንደሚጠብቅ ያጠኑ ነበር። በዚያን ጊዜ የታወቀው የካልሲየምን መጠን ከፍ የሚያደርገው የፓራታይሮይድ ሆርሞን ብቻ ነበር። ኮፕ በውሾች የታይሮይድና የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ውስጥ ካልሲየም የበዛበት ደም እንዲዘዋወር ሲያደርጉ፣ በመላው ሰውነት ያለው የካልሲየም መጠን በፍጥነት ሲወርድ ተመለከቱ። ፍጥነቱ የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ቢወጡ ከሚታየው የሚበልጥ በመሆኑ፣ የፓራታይሮይድ ሆርሞን መቋረጥ ብቻውን ሊያስረዳው አልቻለም። ስለሆነም ኮፕ ካልሲየምን የሚቀንስ ሁለተኛ ሆርሞን አለ ሲሉ ደመደሙ፤ ስሙንም ካልሲቶኒን አሉት። ምንጩ ግን የፓራታይሮይድ ዕጢ ነው ብለው በ1962 ጻፉ። ስሕተቱ የሚያስነቅፍ አይደለም። በውሻ ዘንድ ሁለቱ ዕጢዎች ተያይዘው የሚገኙና በጋራ የደም ሥር የሚመገቡ በመሆናቸው፣ ከሁለቱ አንዱን ለይቶ መመርመር አስቸጋሪ ነበር።

እርማቱ ከሁለት አቅጣጫ መጣ። በአሜሪካ ፊሊፕ ሂርሽ፣ ፖል መንሰን እና ባልደረቦቻቸው የአይጦችን የፓራታይሮይድ ዕጢ በኤሌክትሪክ ሙቀት ሲያቃጥሉ፣ የካልሲየሙ መጠን ዕጢው በመቀስ ተቆርጦ ሲወጣ ከሚታየው ይልቅ በፍጥነት እንደሚወርድ አስተዋሉ። ምክንያቱም ሙቀቱ አጠገቡ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ ስለሚጎዳ፣ ከተጎዳው ዕጢ አንድ ነገር ወደ ደም ይፈስ ነበር። ግኝታቸውን በ1963 ሲያቀርቡ ሆርሞኑን ታይሮካልሲቶኒን ብለው ጠሩት። በለንደን ሃመርስሚዝ ደግሞ የኢያን ማክንታየር ቡድን ወደ ፍየል ዞረ። የፍየል አንደኛው የፓራታይሮይድ ዕጢ ከታይሮይድ ተለይቶ የሚገኝ በመሆኑ፣ ኮፕ ያልተቻላቸውን መለያየት የእንስሳው አፈጣጠር ራሱ አመቻችቶ አስቀምጦት ነበር። በ1964 የታተመው ውጤት ሆርሞኑ ከታይሮይድ የሚመነጭ መሆኑን አረጋገጠ። ኮፕም በበኩላቸው ውጤቱን ተቀብለው ጥናታቸውን በመቀጠል፣ በዓሣና በወፎች ዘንድ ይኸው ሆርሞን ከታይሮይድ ፈጽሞ ተለይቶ በሚኖር አንድ ትንሽ ዕጢ ውስጥ እንደሚገኝ አሳዩ። ኋላ ለአጥንት በሽታ መድኃኒት ሆኖ ያገለገለው የሳልሞን ዓሣ ካልሲቶኒን የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

ታይሮይድ ሆርሞኖቹን የሚያመርትባቸው ፎሊክል የሚባሉ ከረጢቶች አሉት። በእነዚህ ከረጢቶች ዳር ተበታትነው የሚገኙ ከሌሎቹ የተለዩ ሕዋሳት መኖራቸው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቢታወቅም፣ ሥራቸው ምን እንደሆነ ግን አልታወቀም ነበር። ኤቨርሰን ፒርስ በ1966 እነዚህን ሕዋሳት "ሲ-ሕዋሳት" ብለው ሰየሟቸው፤ "ሲ" የካልሲቶኒን የመጀመሪያ ፊደል ነው። በቀጣዩ ዓመት ከጂያኒ ቡሶላቲ ጋር በመሆን ሆርሞኑ በእነዚሁ ሕዋሳት ውስጥ መኖሩን በሚያበራ አንቲቦዲ አማካይነት አሳዩ።

የካንሰሩ ታሪክ በዚህ ጊዜ በሌላ መስመር ይጓዝ ነበር። በክሊቭላንድ ክሊኒክ የሚሠሩት ፓቶሎጂስት ጆን ሃዛርድ ከዊልያም ሃውክ እና ከቀዶ ሐኪሙ ጆርጅ ክራይል ታናሹ ጋር በመሆን በ1959 የ21 ሕመምተኞችን መረጃ አሳተሙ። ከሌሎቹ የታይሮይድ ካንሰሮች በተለየ ሁኔታ ፎሊክልም ሆነ ፓፒላ የማይሠራ፣ በሕዋሳቱ መካከል አሚሎይድ የሚባል ነገር የሚከማችበት፣ በአንገት ወዳሉ የሊምፍ ዕጢዎች በብዛት የሚዛመት ካንሰር ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲታይ እጅግ አስከፊ ከሚባለው ዓይነት ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ ሕመምተኞቹ ግን ከዚያ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይኖሩ ነበር። ሜዱላሪ የሚለው መጠሪያ ከዚህ ጽሑፍ በኋላ ጸና። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ ጆን ሲፕል የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በአንጎል ደም መፍሰስ የሞተ የአንድ ወጣት አስከሬን ሲመረመር በሁለቱም አድሬናል ዕጢዎች ላይ ፊዮክሮሞሳይቶማ፣ በታይሮይዱም ላይ ካንሰር መገኘቱን ዘገቡ። ከዚህ ቀደም የታተሙትን ዘገባዎች ሲያገላብጡም የሁለቱ በሽታዎች መገናኘት በአጋጣሚ ሊሆን ከሚችለው በላይ ሆኖ አገኙት። ሕመሙ በቤተሰብ የሚወረስ መሆኑም ብዙ ሳይቆይ ታወቀ፤ በ1968 መልቲፕል ኢንዶክሪን ኒዮፕላዝያ ዓይነት 2 የሚል ስም ተሰጠው።

የሲፕል ማስተዋል ዛሬም በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሕይወት የሚያድን ነው። ሜዱላሪ ካንሰር ያለበት ሰው አስቀድሞ የፊዮክሮሞሳይቶማ ምርመራ ሳይደረግለት ማደንዘዣ ቢሰጠው፣ በቀዶ ሕክምናው መካከል የደም ግፊቱ ለሞት በሚያበቃ ደረጃ ሊያሻቅብ ይችላልና።

ሁለቱን መስመሮች ያገናኙት እንግሊዛዊው ፓቶሎጂስት ዲልዊን ዊልያምስ ናቸው። በ1966 ባቀረቡት ጽሑፍ ሜዱላሪ ካንሰር የሚነሣው ከእነዚሁ የፎሊክል ጎረቤት ከሆኑት ሕዋሳት ነው አሉ። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ካንሰሩ ካልሲቶኒን ማምረት ይኖርበታል። ይህንን ለማረጋገጥ ሁለት ዓመት በቂ ሆነ። በ1968 በቦስተን ኬኔዝ ሜልቪን እና አርመን ታሽጂያን፣ በእንግሊዝ ደግሞ ሌላ ቡድን፣ ከሕመምተኞች የተወሰደው ካንሰር በካልሲቶኒን የተሞላ መሆኑን አሳዩ። በዚያው ዓመት የሰው ካልሲቶኒን በ32 አሚኖ አሲዶች የተገነባ መሆኑ ሲታወቅ፣ ለትንተናው የሚያስፈልገው ሆርሞን የተጣራው ከጤናማ ታይሮይድ ሳይሆን ከዚሁ ካንሰር ነበር። በጤናማው ዕጢ ውስጥ ያለው መጠን ለዚህ ሥራ አይበቃም ነበርና፣ ሳይንስ የሆርሞኑን ማንነት ለማወቅ በሽታውን ምንጭ አድርጎ መጠቀም ግድ ሆኖበታል።

በዚህ መካከል አንድ እንቆቅልሽ ብቅ አለ። ካልሲቶኒን ካልሲየምን የሚቀንስ ሆርሞን ከሆነ፣ በደማቸው ውስጥ ከጤናማው መጠን በመቶና በሺህ እጥፍ የሚበልጥ ካልሲቶኒን ያላቸው ሕመምተኞች ካልሲየማቸው ሊወርድ በተገባ ነበር። ነገር ግን አይወርድም። በተቃራኒው ታይሮይዳቸው ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ካልሲቶኒን ያጡ ሰዎች በዚህ ጉድለት ምክንያት ካልሲየማቸው አይጨምርም፤ የታይሮይድ ሆርሞን ክኒን ሲወስዱም ካልሲቶኒን እንዲተካላቸው የሚያዝ ሐኪም የለም። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ሆርሞኑ ያለው ድርሻ አነስተኛ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ስለሆነም ቢበዛም ቢጠፋም ይህን ያህል ጉልህ ምልክት የማያስከትለው ይህ ሆርሞን፣ ለሕክምና ከፍተኛውን አገልግሎት የሰጠው በፊዚዮሎጂያዊ ሥራው ሳይሆን የመነጨበትን ሕዋስ በመመስከሩ ነው። በጤናማ ሰው ዘንድ ከሲ-ሕዋሳት በቀር ሌላ ጉልህ ምንጭ የለውምና፣ በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ሲገኝ የሚያመለክተው በአብዛኛው ወደ አንድ ስፍራ ነው።

ምስክርነቱን ለመስማት ግን በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ በፒኮግራም፣ ማለትም በግራም ሲሰፈር የሚሊዮን ሚሊዮንኛ በሆነ መጠን፣ ያለን ነገር መለካት ያስፈልጋል። በኒው ዮርክ ብሮንክስ በሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል የፊዚክስ ባለሙያዋ ሮዛሊን ያሎው እና ሐኪሙ ሰለሞን በርሰን በ1950ዎቹ ማብቂያ ለኢንሱሊን ያዘጋጁት ሬዲዮኢሚዩኖአሴይ መንገዱን ጠርጎ ነበር። በሬዲዮአክቲቭ ምልክት የተደረገበት ሆርሞንና በሕመምተኛው ደም ውስጥ ያለው ሆርሞን አንቲቦዲውን ለመያዝ ይሽቀዳደማሉ፤ በደሙ ውስጥ ያለው በበዛ ቁጥር ምልክት የተደረገበት ከአንቲቦዲው ላይ ይገፋል፤ ከሚቀረው ጨረር መጠኑ ይሰላል። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በዘዴው ላይ የባለቤትነት መብት አልጠየቁም፤ ማንኛውም ላቦራቶሪ እንዲሠራበትም ያስተምሩ ነበር። ያሎው በ1977 የኖቤል ሽልማት ሲቀበሉ በርሰን ከሞቱ አምስት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

በዚህ ዘዴ ታሽጂያን እና ባልደረቦቻቸው በ1970 የሰው ካልሲቶኒን ልኬታቸውን ይፋ አደረጉ። በቀጣዩ ዓመት ሜልቪን፣ ሚለር እና ታሽጂያን ያሳተሙት ጽሑፍ የዚህ ታሪክ ማዕከል ሊባል ይችላል። ቡድኑ በሽታው ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍበትን አንድ ሰፊ ቤተሰብ በቦስተን አካባቢ ይከታተል ነበር። የቤተሰቡ አባላት ተራ በተራ ቀርበው ለአራት ሰዓታት ካልሲየም በደም ሥራቸው እየተንጠባጠበ ተሰጣቸው። ካልሲየም ሲ-ሕዋሳትን የሚቀሰቅስ በመሆኑ፣ ቁጥራቸው የበዛ ወይም ወደ ካንሰር የተለወጡ ሕዋሳት ባሉበት ሰው ዘንድ ካልሲቶኒኑ ከጤናማው ሰው ይልቅ አብዝቶ ይወጣል። ከመካከላቸው አንገታቸው ላይ ምንም ነገር የማይዳሰስ፣ ራሳቸውን ጤነኛ አድርገው የሚቆጥሩ ሰዎች ውጤታቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። በቀዶ ሕክምና ዕጢያቸው ሲወጣም ካንሰሩ በውስጡ ነበር፤ በአንዳንዶቹ ዘንድ መጠኑ ሚሊ ሜትሮችን ብቻ የሚያክል ሆኖ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1973 እዚያው ቦስተን ሁበርት ዎልፍ እና ባልደረቦቻቸው ከዚሁ ዓይነት ቤተሰብ ከመጡ ሰዎች የወጡ ዕጢዎችን ሲመረምሩ፣ ካንሰር ገና ሳይፈጠር ሲ-ሕዋሳት በብዛት የተከማቹበትን ደረጃ አገኙ። ሲ-ሕዋስ ሃይፐርፕላዝያ ተብሎ የተጠራው ይህ ደረጃ፣ የደም ምርመራው ካንሰርን ብቻ ሳይሆን ለካንሰር የሚቀድመውንም ለውጥ ሊይዝ እንደሚችል አሳየ። ቤተሰቡን ለ18 ዓመታት የተከታተለው ቡድን በ1988 ባሳተመው ዘገባ፣ በየዓመቱ በሚደረገው ምርመራ ተለይተው ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው አባላት አብዛኞቹ በሽታው እንዳልተመለሰባቸው ገለጸ። በቀደሙት ትውልዶች በዚሁ በሽታ ሰዎች ይሞቱ በነበረበት ቤት ይህ የሚናቅ ውጤት አልነበረም።

ዋጋው ግን በልጆቹ ላይ የወደቀ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአራት ሰዓቱን የካልሲየም ማንጠባጠብ ቀስ በቀስ የተካው ፔንታጋስትሪን የተባለ መድኃኒት ነበር፤ ሳሙኤል ዌልስ እና ባልደረቦቻቸው ሁለቱን አነጻጽረው በ1974 ያቀረቡት ጥናት ለዚህ በር ከፍቷል። መርፌው ሥራውን በደቂቃዎች ይፈጽማል፤ በእነዚያ ደቂቃዎች ግን ፊት ይቀላል፣ ደረት ይጨነቃል፣ ሆድ ይታወካል፣ ማቅለሽለሽም ይመጣል። ስሜቱ ቶሎ ያልፋል። ነገር ግን ውጤቱ "ዘንድሮ ደኅና ነህ" ቢል እንኳ ለከርሞ ዋስትና ስለማይሰጥ፣ ልጁ በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ መርፌውን መቀበል ነበረበት። ከወላጁ በሽታውን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ በመሆኑ፣ በአማካይ ከሁለት ልጆች አንዱ ይህን ሁሉ ዓመት የሚሠቃየው በሌለበት በሽታ ምክንያት ነበር ማለት ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ማምጣት ያቆሙባቸው ቤተሰቦች መኖራቸው ሊያስደንቅ አይገባም።

ይህንን የቋጨው የዘር ምርመራ ነው። በሽታውን የሚያስከትለው ጂን በክሮሞዞም 10 ላይ እንደሚገኝ በ1987 ታወቀ። በ1993 ደግሞ በካምብሪጅ የእነ ብሩስ ፖንደር ቡድን እና በሴንት ሉዊስ የእነ ሄለን ዶኒስ ኬለር ቡድን ሬት የተባለው ጂን መሆኑን አሳወቁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድ የደም ናሙና በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ ተወስዶ፣ ለውጡን ያልወረሰው ልጅ ከየዓመቱ ምርመራ ለዘለዓለሙ ይሰናበታል። በ1994 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ሁለቱን ዘዴዎች በማነጻጸር ያሳተሙት ጥናት ካልሲቶኒን የነበረበትን ድክመት በሁለት በኩል አጋለጠ። በአንድ በኩል ካልሲቶኒናቸው ጤናማ ነው የተባሉ ወጣቶች ጂኑን ተሸክመው ተገኙ፤ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸውም በታይሮይዳቸው ውስጥ ጥቃቅን ካንሰር ነበር። በሌላ በኩል ካልሲቶኒናቸው ከፍ ብሏል ተብሎ ዕጢያቸው ከወጣ ሰዎች መካከል ጂኑ ፈጽሞ የሌለባቸው ነበሩ። መጠነኛ ሲ-ሕዋስ ሃይፐርፕላዝያ በጤነኛ ሰውም ዘንድ የሚገኝ መሆኑ የታወቀው እነዚህ ሰዎች ዕጢያቸውን ካጡ በኋላ ነው።

ሆርሞኑ ግን ከቤተሰብ ምርመራው ሙሉ በሙሉ አልወጣም። በ2015 የወጣው የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር መመሪያ የጂኑን ለውጦች እንደ አደገኛነታቸው በመክፈል፣ እጅግ አደገኛ የሆነውን ለውጥ የወረሰ ሕፃን በመጀመሪያው የዕድሜ ዓመት፣ ቀጥሎ ያለውን የወረሰ ደግሞ አምስት ዓመት ሲሆነው ወይም ከዚያ በፊት ዕጢው እንዲወጣ ይመክራል። መካከለኛ አደጋ ባላቸው ለውጦች ግን ቀዶ ሕክምናው መቼ ይሁን ለሚለው ጥያቄ ዋናው መሪ ካልሲቶኒን ነው። ጂኑ "ይመጣል" ሲል፣ ሆርሞኑ "መጥቷል" ወይም "ገና ነው" ይላል።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው በዘር የሚተላለፈውን በሽታ ነው። ነገር ግን ከሜዱላሪ ካንሰር ውስጥ ሦስት አራተኛው ገደማ የሚታየው በቤተሰቡ ውስጥ በሽታው በማይታወቅበት ሰው ላይ ነው። በመሆኑም ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጥያቄው ወደ ብዙኃኑ ዞረ፤ በታይሮይዱ ላይ እባጭ ያለበት ሰው ሁሉ ካልሲቶኒኑ ይለካ ወይ? በጣልያን ፒዛ የሚገኙት ፉሪዮ ፓቺኒ እና ባልደረቦቻቸው በ1994 እባጭ ያለባቸውን 1,385 ሕመምተኞች መርምረው 8 ሜዱላሪ ካንሰር አገኙ። በ2004 ከዚያው ከተማ ሮሴላ ኤሊሴይ እና ባልደረቦቻቸው የሕመምተኞቹን ቁጥር ወደ 10,864 አሳድገው 44 አገኙ። ይህም ከ250 ሕመምተኞች አንድ ገደማ መሆኑ ነው። በመርፌ በሚወሰድ ናሙና የሚደረገው የሕዋስ ምርመራ ከእነዚህ ብዙዎቹን አልፏቸው ነበር፤ በካልሲቶኒን የተገኙትም በቀድሞው መንገድ ከተገኙት ይልቅ በተሻለ ሁኔታ ተፈውሰዋል።

በዚህ መረጃ ላይ ተመሥርተው በኤውሮፓ በ2006 የተስማሙት ባለሙያዎች ምርመራው እባጭ ላለበት ሰው እንዲደረግ መከሩ። የአሜሪካው ማኅበር ግን በ2009ም ሆነ በ2015 ይደረግም አይደረግም ከማለት ተቆጠበ። አንድ ዓይነት አኃዝ ተመልክተው የተለያየ ውሳኔ ላይ የደረሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ካልሲቶኒንን የሚጨምረው ካንሰር ብቻ አይደለም፤ የኩላሊት ድካም፣ ማጨስ፣ የጨጓራ አሲድን ለመቀነስ እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ መውሰድ ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። የወንዶች መጠን ከሴቶች፣ የጨቅላ ሕፃናት ደግሞ ከአዋቂዎች ይበልጣል። በአንድ ሚሊ ሊትር ከ100 ፒኮግራም በላይ የሆነ ውጤት ካንሰርን አጥብቆ ያመለክታል፤ ከ10 በታች የሆነውም ያረጋጋል፤ ችግሩ ያለው በመካከሉ ነው። በዚህ መካከለኛ ስፍራ ከሚገኙት ብዙዎቹ ካንሰር የለባቸውም። ካንሰር ከተገኘባቸውም መካከል ጥቂት ሚሊ ሜትር የሚያክለውና ባይነካ ሰውየውን በሕይወቱ ላይጎዳ ይችል የነበረው የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት መለየት አይቻልም። በቦስተኑ ቤተሰብ ውስጥ ከሁለት ሰው አንዱ በሽታውን ሲሸከም፣ በፒዛው ክሊኒክ ከ250 ሰው አንዱ ነው የተሸከመው። መሣሪያው አንድ ዓይነት ቢሆንም የውጤቱ ትርጉም አንድ ሊሆን አይችልም። ከምርመራው ደጋፊዎች ይልቅ የተጠራጣሪዎቹ ክርክር ጠንክሮ የሚታየው በዚህ ነጥብ ላይ ነው።

በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች በአዮዲን እጥረት ምክንያት እንቅርት ከቶውንም ብርቅ ሕመም አይደለም። እንቅርት ያለበትን ሁሉ በካልሲቶኒን መመርመር የሚታሰብ አይሆንም፤ በብዙ ሆስፒታሎች ዘንድ ምርመራውን በቅርብ ማግኘትም አይቻልም። ይሁን እንጂ የቦስተኑን ሥራ ፍሬያማ ያደረገው የመጀመሪያው እርምጃ ሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገርን የሚጠይቅ አልነበረም፤ ማን በአንገት እባጭ ሞተ፣ ማን በወጣትነቱ በድንገት ወደቀ፣ ማን በማይበርድ የደም ግፊትና በልብ ምት ተሠቃየ ብሎ የቤተሰቡን የትውልድ ሐረግ በወረቀት ላይ ማስፈር ነበር። እንዲህ ያለው ታሪክ የተገኘበት፣ ወይም እባጩ ምክንያቱ ካልታወቀ የማያቋርጥ ተቅማጥ ጋር የመጣበት ሕመምተኛ፣ ደሙ ወደ ሩቅ ላቦራቶሪ ሊላክለት ይገባል። ናሙናው በቶሎ ሊለይና ሊቀዘቅዝ የሚያስፈልገው መሆኑን፣ ላኪውም ካልሲቶኒንን ለከባድ ኢንፌክሽን ከሚታዘዘው ፕሮካልሲቶኒን ጋር እንዳያምታታ መጠንቀቅ እንዳለበት እግረ መንገድን ማስታወስ ተገቢ ነው። ፕሮካልሲቶኒን የካልሲቶኒን ቀዳሚ ቅርጽ ቢሆንም ትእዛዙ የሚነሣበት ጥያቄ ፈጽሞ ሌላ ነው።

በቅርቡ ሆርሞኑን እንደገና መነጋገሪያ ያደረገው የስኳር በሽታ ሕክምና ነው። በ2010 በአሜሪካ የተፈቀደው ሊራግሉታይድ እና ከእርሱ በኋላ የመጡት እንደ ሴማግሉታይድ ያሉት መድኃኒቶች በአይጦች ላይ የሲ-ሕዋሳት እብጠት በማስከተላቸው፣ ሜዱላሪ ካንሰር ለነበረበት ወይም በቤተሰቡ ላለበት ሰው እንዳይሰጡ በአሜሪካ ማሸጊያቸው ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸዋል። የሰው ሲ-ሕዋሳት ግን ከአይጥ የተለዩ ናቸው፤ መድኃኒቱን ለሚወስድ ሁሉ ካልሲቶኒን መለካት ያለው ጥቅም አጠራጣሪ መሆኑን ይኸው የመድኃኒቱ መግለጫ ራሱ ይገልጻል። ለጤና ባለሙያው የሚቀረው፣ መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት የቤተሰብን ታሪክ መጠየቅ ነው።

ፔንታጋስትሪንም በበኩሉ ከገበያ ጠፍቷል፤ በአሜሪካ ቀድሞ፣ በብዙ የኤውሮፓ አገሮች ደግሞ ኋላ ማግኘት አልተቻለም። ዛሬ አጠራጣሪ ውጤት ሲያጋጥም ሐኪሞች የሚጠቀሙት ካልሲየም ግሉኮኔትን በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በደም ሥር ሰጥቶ፣ በሁለተኛው፣ በአምስተኛውና በአሥረኛው ደቂቃ ናሙና በመውሰድ ነው። በ1971 በቦስተን አራት ሰዓት ይፈጅ የነበረው ይኸው ምርመራ ነው።